ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሚሳሳት ራም፦ በሞቃት ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ሜሞሪን የማቀዝቀዝ አሠራር

ጠዋት ጤነኛ፣ ከሰዓት በኋላ በሽተኛ የሆነ ኮምፒውተር ነበረኝ። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ስስ በሆነ ክፍል የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለ እንከን የሚሠራው ማሽን፣ ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ይጠፋ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ሳይጠፋ ሥራውን ጨረሰና የሙሽሪት ቬሎ ላይ አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ዘርቶ አስረከበኝ። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ፤ አልተሻለውም። ዊንዶውስን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፤ እንዲያውም ባሰበት። በመጨረሻ የራሙን፣ ማለትም የጊዜያዊ ሜሞሪውን፣ ሙቀት ሳነብ 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አገኘሁ። የሚከተለው ከዚያ በኋላ የሠራሁት ነው፤ ክፍሉ ለሚሞቅበት ሁሉ ይሆናል።

ሙቀት ራምን ለምን እንደሚያሳስት ባጭሩ ልናገር፤ ይህን ያላወቀ ሰው በከንቱ ገንዘቡን ያፈሳል። በራም ውስጥ እያንዳንዷ ቢት፣ ማለትም የመረጃ ቅንጣት፣ የምትቀመጠው በአንዲት ኢምንት ካፓሲተር ላይ በተጠራቀመ ቻርጅ ነው። አሠራሩን በ1966 እ.ኤ.አ. ያፈለቀው የአይቢኤም መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ ነው። ካፓሲተሯ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ቻርጇን ቀስ እያለች ታፈሳለች፤ ስለዚህ ማሽኑ ያለማቋረጥ እየዞረ ይሞላታል። ዲዲአር4 በተባለው የራም ትውልድ ደረጃ መሠረት እያንዳንዱ ረድፍ በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ መሞላት አለበት፤ ቺፑ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ግን ጊዜው በግማሽ ተቀንሶ 32 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ማፍሰሱ ይፈጥናላ! በ2008 እ.ኤ.አ. የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህን ተቃራኒ አሳይተዋል፦ ራሙን ሲያቀዘቅዙት ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ለደቂቃዎች ያህል የያዘውን ይዞ ቆየ።

እንግዲህ ደረጃው እስከ 85 ዲግሪ ከፈቀደ የእኔው በ57 ምን ነካው? ከደረጃው በላይ ይሮጥ ነበር። እንደ አብዛኞቹ ለጨዋታና ለቪዲዮ እንደሚሸጡት ራሞች፣ የእኔም በ«3600» ፍጥነት የተሸጠው ኤክስ-ኤም-ፒ የተባለው ማፍጠኛ ቅንብር ሲበራለት፣ በ1.2 ፋንታ 1.35 ቮልት እየጠጣ ነው። እንዲህ የተገፋ ራም ለስህተት የተተወለት ቦታ ጠባብ ነው፤ ሙቀት ያንኑ ጠባብ ቦታ ይበላበታል። በእኔ ማሽን ከ55 ዲግሪ በላይ መሳሳት ይጀምራል። የእርስዎ በሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው መለካት የሚያስፈልገው።

1. መጀመሪያ ይለኩ፣ ከዚያ ይቀንሱ

ሁለት ቁጥር ያስፈልግዎታል፤ የክፍሉ ሙቀትና የራሙ ሙቀት። ለራሙ ኤችደብሊው-ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ከዲዲአር4 ቀጥሎ የመጣው ዲዲአር5 ራም ሁሉ የሙቀት መለኪያ በውስጡ ስላለው ቁጥሩ ወዲያው ይታያል። ዲዲአር4 ግን አንዳንዱ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ከሌለው ለጫጩት መፈልፈያ የሚሸጠውን፣ በቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ መለኪያ ያለውን ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይግዙ። ማሽኑን አጥፍተው፣ ጫፉ ብረት ስለሆነ በቴፕ ጠቅልለው በራሙ ጎን ላይ ያጣብቁት፤ የማዘርቦርዱን ብየዳዎች እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

በኮሮና ጊዜ የተገዛውን የግንባር መለኪያ ለማውጣት እንዳይቸኩሉ። እሱ የሚያውቀው የሰው ገላ ሙቀትን ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ስህተት ብሎ ያርፋል። የመካኒክ ዓይነቱ የጨረር መለኪያም ቢሆን የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ሲያነጣጥሩት ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ቁራጭ ጥቁር ቴፕ ለጥፈው ቴፑን ይለኩ።

አሁን ማሽኑን ለ30 ደቂቃ በከባድ ሥራ ያስጨንቁት። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሥራ ይሁን፤ እኔ አንዱን የሠርግ ፋይል ለዚሁ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች ጽፈው አንዱን ከሌላው ይቀንሱ። የእኔ እንዲህ ወጣ፦ ጠዋት ክፍሉ 24፣ ራሙ 46፣ ልዩነቱ 22። ከቀኑ 8 ሰዓት ክፍሉ 35፣ ራሙ 57፣ ልዩነቱ አሁንም 22።

ይህን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ክፍሉ በ11 ዲግሪ ሲሞቅ ራሙም በ11 ሞቀ፤ ልዩነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። 35ቱ የድሬዳዋ ነው፤ 22ቱ ግን የእኔው ሳጥን የጨመረው ነው። በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ዕቃ ከክፍሉ አየር በታች መውረድ አይችልም፤ ልዩነቱን ግን ማሳነስ ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በአብዛኛው ያንን 22 ለመቀነስ ነው። ሌላ ሰው «የእኔ ራም 45 ነው» ቢልዎት ክፍሉ ስንት እንደሆነ ይጠይቁት፤ ካላወቀ ቁጥሩ አይጠቅምዎትም።

2. ጥፋቱ የሙቀት መሆኑን ያረጋግጡ

ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተኛ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭነው ማሽኑን ከዚያ ያስነሱ። አንድ ጊዜ በጠዋት፣ አንድ ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ያስኪዱት። ጠዋትም ቀንም ከተሳሳተ ጥፋቱ የሙቀት ላይሆን ይችላል፤ ራሞቹን አንድ በአንድ ብቻቸውን እየሰኩ የታመመውን ይለዩ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ሜምቴስት86 ሲሠራ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ በእውነተኛው ሥራ ጊዜ ግን ያ ካርድ ከ200 ዋት በላይ ሙቀት ወደ ራሙ ሲተፋ ይውላል። ስለዚህ ፈተናው «ስህተት የለም» ብሎ ማሽኑ ከሰዓት በኋላ አሁንም ሊወድቅ ይችላል። ዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ቴስትሜም5 የተባለውን ሌላ የራም መፈተኛ ያስኪዱ፤ ጎን ለጎን ግራፊክስ ካርዱን የሚያስጨንቅ ነገር ይክፈቱ። የእኔ ራም ሌሊቱን ሙሉ ሜምቴስትን አልፎ በዚህኛው ፈተና በ20 ደቂቃ ተጋለጠ።

3. ያጽዱ

ማሽኑን ያጥፉ፣ ከዲቫይደሩ ይንቀሉ፣ ከዚያም የማስነሻ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ጎኑን በካቻቪቴ ከመክፈትዎ በፊት ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩ። በደረቅ አገር ሰውነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ብዙ ነው፤ እርስዎ ሳይሰማዎት ቺፑን ሊገድል ይችላል።

ጽዳቱ ውጭ በረንዳ ላይ ይሁን። ለስላሳ ብሩሽና አነስተኛ ብሎወር ይበቃል። ሲነፉ የማራገቢያዎቹን ክንፍ በጣትዎ ይያዙ፤ ከመጠን በላይ ሲሽከረከሩ ይበላሻሉ። ማሽኑን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፤ አያድርጉት። ከዚያ ቱቦ ከአየሩ ጋር ውሃና ዘይት ይወጣል።

ራሞቹን ነቅለው ወደ ማስገቢያው የሚሰካውን ወርቃማ ጥርሳቸውን ይመልከቱ። ብዙ ባለሙያዎች በላጲስ ይፈትጓቸዋል፤ ይሠራል፣ ግን ፍርፋሪው ማስገቢያው ውስጥ ይቀራል፣ ስሱን የወርቅ ልባስም ይልጣል። አይሶፕሮፒል አልኮል የነካው ንጹሕ ጨርቅ ይሻላል። አረቄ አይሆንም፤ ግማሹ ውሃ ነው፣ ለሌላ ጉዳይ ይቀመጥ። ሲመልሷቸው ማዘርቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለውና ራሞቹ ሁለት ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። በመካከላቸው ክፍተት ስለሚኖር ነፋስ ያልፋል።

4. የነፋሱን መንገድ ያስተካክሉ

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ሁሉ መዞሩ ብቻ አይበቃም፤ ወዴት እንደሚነፍስ ማወቅ አለብዎት። ማራገቢያው ክንፉ ተገልጦ በሚታይበት በኩል ይስባል፣ ክንፉን ደግፎ የያዘው የፕላስቲክ አጥንት ባለበት በኩል ይተፋል። ካላመኑ ዕጣን ያጭሱ። ከፊት ለፊት ይዘውት ጢሱ ወደ ውስጥ ከገባ መልካም፤ ከኋላ ይዘውት ወደ ውጭ ከተገፋ መልካም። ለአፍታ ብቻ ይሁን፤ የዕጣን ጢስ የሚያጣብቅ ነገር ይተውና አቧራውን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። በነገራችን ላይ ቡና የሚፈላው ከኮምፒውተሩ ፊት ከሆነ የረከቦቱን ቦታ ይቀይሩ። ቤተሰብ ቅር ቢሰኝ ማሽኑን ይቀይሩ።

ቀላሉ አደራደር ሁለት ማራገቢያ ከፊት የሚያስገባ፣ አንድ ከኋላ የሚያስወጣ ነው። የሚያስገባው ከሚያስወጣው በርከት ሲል አቧራ በየስንጥቁ አይገባም። የእኔ ሳጥን አናቱ ላይ፣ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ፣ የሚያስወጣ ማራገቢያ ነበረው። ከፊት የገባውን ቀዝቃዛ አየር ራሙ ጋር ሳይደርስ ነጥቆ ያወጣው ነበር። እሱን መንቀሉ ብቻ፣ ከጽዳቱ ጋር ተደምሮ፣ ልዩነቱን ከ22 ወደ 18 አወረደው። ማራገቢያ ቀንሶ ማቀዝቀዝ እንግዳ ቢመስልም ቴርሞሜትሩ ይመስክር።

ፕሮሰሰሩን በውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን ያላቸው ሰዎች በተለይ ልብ ይበሉ። ማማ የሚመስለው ባለማራገቢያ ማቀዝቀዣ ከራሙ ጎን ቆሞ ሲስብ ራሙንም አብሮ ያናፍሰዋል። በውሃ ሲተካ ፕሮሰሰሩ ይደሰታል፣ ራሙ ግን ነፋስ አልባ ይሆናል።

የጎኑን ክዳን ከፍቶ መተው መድኃኒት ሳይሆን ምርመራ ነው። ከፍተው ራሙ በብዙ ዲግሪ ከወረደ ሳጥኑ ታፍኗል ማለት ነው፤ የፊት መግቢያውን ይመርምሩ። ከዚያ ይዝጉት፤ አይጥም፣ አቧራም፣ ልጅም አለ።

ደግሞ ከፍታ አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በ10 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አዲስ አበባ ሲሆን በ20 በመቶ ገደማ። ስስ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ዝቅ ባለ አገር ተለክቶ ቪዲዮ ላይ የሚታየውን ልዩነት እዚህ ካላገኙ ሁሉም ጥፋት የእጅዎ አይደለም።

5. ለራሙ የራሱን ማራገቢያ ይስጡት

ካደረግሁት ሁሉ ብዙ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ የወሰደውም ከአሮጌ ማሽን የተነቀለ ባለ120 ሚሊሜትር ማራገቢያና አራት የፕላስቲክ ማሰሪያ ብቻ ነው። ማራገቢያውን ከራሙ በላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ርቀት፣ ነፋሱ በራሞቹ መካከል እንዲያልፍ አድርገው ከሳጥኑ ብረት ጋር ያስሩት። ሽቦው ክንፉ ጋር እንዳይደርስ ይጠብቁ። ማዘርቦርዱ ላይ ካለው የማራገቢያ ሶኬት ይሰኩትና በደቂቃ 1,000 ዙር አካባቢ ያዙሩት፤ ከዚያ በላይ ጩኸት እንጂ ብዙ ጥቅም አላገኘሁበትም። ልዩነቱ ከ18 ወደ 13 ወረደ።

ይህን ያህል የሚሠራበት ምክንያት ራም ብዙ ኃይል የሚበላ ዕቃ ስላልሆነ ነው። አንዱ ዲዲአር4 ጥቂት ዋት ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ችግሩ ያቺን ጥቂት ዋት የሚወስድለት አለመኖሩ ነው። ዲዲአር5 ላይ ቮልቱን የሚያስተካክለው ቺፕ ራሱ ራሙ ላይ ስለተተከለ ትኩስ ነጥብ ይጨምራል፤ ነፋስም ይበልጥ ይፈልጋል።

ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ልብስና መብራት ያለበትን ውድ ራም ግን ለዚህ ሲሉ አይግዙ። ነፋስ ከሌለ አሉሚኒየሙም ይሞቃል፤ መብራቱ ራሱ ሙቀት ነው። አራት ወፍራም ራም ጎን ለጎን ሲሰካ ደግሞ መካከላቸው ወረቀት እንኳ አያሳልፍም። ያለበትን ልብስ ለመግፈፍም አይሞክሩ፤ ሙጫው ቺፑን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

6. ባዮስ ውስጥ ትንሽ ይለዝቡ

ባዮስ ማለት ማሽኑ ሲነሣ ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት የሚከፈተው የቅንብር ገጽ ነው። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ፍጥነት መቀነስ ሽንፈት ይመስለዋል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። የሚባክነው ኃይል ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ከ1.2 ወደ 1.35 ቮልት መውጣት በዚህ ብቻ ኃይሉን በ26 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

በመጀመሪያ ኤክስ-ኤም-ፒን፣ በአንዳንድ ማዘርቦርድ ኤክስፖ የሚባለውን፣ ያጥፉና የከሰዓት በኋላውን ፈተና ይድገሙ። ስህተቱ ከጠፋ በሽታው ታወቀ። ከዚያ መልሰው አብርተው ፍጥነቱን ከ3600 ወደ 3200 ያውርዱ፣ ቮልቱንም በ0.01 እየቀነሱ፣ በየቅናሹ እየፈተኑ ይውረዱ። እኔ 1.28 ላይ ቆምኩ፤ በቪዲዮ ሥራዬ ላይ የፍጥነቱን መቀነስ በሰዓት ካልለካሁ አላውቀውም ነበር። ቮልት ሲያንስም ራም ይሳሳታልና ፈተናውን ዘልለው አይውረዱ። ስህተት ሲያዩ ቮልት ጨምሩ የሚለው ምክር ለቀዝቃዛ ክፍል ነው፤ እዚህ እሳት ላይ ጭድ መጨመር ይሆናል።

ሌላው ከመሙያው ክፍተት ጋር የተያያዘ ነው። ባዮስ ውስጥ ቲ-አር-ኢ-ኤፍ-አይ የሚባል ቅንብር አለ። ራሙ በየስንት ጊዜው የመሙላት ትእዛዝ እንደሚደርሰው ይወስናል፤ ለዲዲአር4 መደበኛው 7.8 ማይክሮሰከንድ ነው። ፍጥነት የሚያሳድዱ ሰዎች ይህን በብዙ እጥፍ ያስረዝሙታል። በሞቃት ክፍል ውስጥ ይህ የተሰነጠቀውን እንስራ ውሃ ሳይጨምሩ መተው ነው። ማሽኑን የገዙት ከሌላ ሰው ከሆነ ገብተው ይመልከቱ፤ ተነካክቶ ካገኙት ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት።

የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ጣሪያም ወደ 80 በመቶ ያውርዱ። ሥራው በጥቂቱ ይዘገያል፣ ራሙ ሥር የሚነደው ምድጃ ግን ይበርዳል፤ ክፍሉም አብሮ ይጠቀማል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኔ ልዩነት 11 ሆነ።

7. ክፍሉን ያቀዝቅዙ

350 ዋት የሚበላ ማሽን 350 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ ነው። ስለዚህ ጀርባው ወደ መስኮት ይዙር፣ ከግድግዳም ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ። ሙቅ አየር ቆርቆሮው ሥር ስለሚከማች ማሽኑን ቁም ሣጥን ላይ አይስቀሉት፤ አቧራ እንዳይስብ ደግሞ ከወለሉ ወደ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ዩፒኤስና ስታብላይዘር ራሳቸው ይሞቃሉ፤ ከፊት መግቢያው ያርቋቸው።

መስኮት ሌሊቱን ተከፍቶ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የውጩ አየር ከውስጡ ሳይበልጥ ይዘጋ፣ መጋረጃውም ይውረድ። ማሽኑ ሲሠራ ከቆየና ክፍሉ ከውጭ በልጦ ከሞቀ ግን ይከፈት፤ ሁለት ቴርሞሜትር ካለዎት ክርክሩ ያልቃል። እኔ ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮው ሥር የሚያብረቀርቅ የሙቀት መከላከያ አስነጠፍኩ፤ የ8 ሰዓቱ 35 ወደ 32 ወረደ። ከባዱን ሥራ ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ላይ አስጀምሬ እተኛለሁ።

የበረዶ ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሁለት ሊትር ውሃ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት 186 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ 300 ዋት የሚበላ ማሽን ይህን በ37 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ በረዶውን የሠራው ፍሪጅ ሙቀቱን የተፋው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ጠርሙሱም ላብ እያወጣ ይንጠባጠባል። እርጥብ ጨርቅ ሳጥኑ ላይ መጣልማ ጨርሶ አይነሣ። በውሃ ትነት የሚያቀዘቅዘው ማሽን በደረቅ ወራት ጥሩ ነው፤ መስኮቱ ገርበብ ይበል፣ ነፋሱም በቀጥታ ሳጥኑ ላይ አያርፍ።

ላፕቶፕ ከሆነ ይህ ሁሉ ወደ ሁለት ነገር ያጥራል። ራሙ ከቁልፎቹ ሥር ተከድኖ ስለሚቀመጥ ከሥር አየር ስጡት፤ ሁለት የውሃ ጠርሙስ ክዳን ከኋላ እግሮቹ በታች ይበቃል፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ ግን አይሠራም። ከዚያ የኃይል ቅንብሩን ዝቅ ያድርጉ።

ሁሉን ጨርሰው የመጀመሪያውን ፋይል መልሰው ያስኪዱ፣ ቁጥሩንም ከሳጥኑ ጎን በወረቀት ይለጥፉ። የእኔ ወረቀት ላይ «8 ሰዓት፣ ክፍል 32፣ ራም 43፣ ልዩነት 11» ይላል። በወር አንድ ጊዜ እለካለሁ፤ ልዩነቱ 14 ሲደርስ ብሩሼን ይዤ በረንዳ እወጣለሁ።